የጢስ ቀን በአንደኛዋ ከተማ

የምኖርባት ከተማ በዓለም አንደኛ ናት። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ መግቢያው ላይ በሰሌዳ ተጽፏል። በየዓመቱ የዓለም ከተሞች ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይደረደራሉ። ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ድንጋይ ከሰልና ዘይት የማያቃጥሉት ከላይ፣ የሚያቃጥሉት ከታች ይሆናሉ። እኛ እስከ አምና አሥራ አንድ ዓመት በተከታታይ ከመቶ መቶ አግኝተናል። የምናቃጥለው እንጨት፣ ኩበትና የማሽላ አገዳ ነው። ሌላ የሚቃጠል ነገር ኖሮን አያውቅም።

ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አረንጓዴ ባንዲራ ይሰጠናል። የመጀመሪያዎቹ አደባባይ ላይ ተሰቅለዋል። አምስተኛውን ነፋስ ወሰደው። ስምንተኛው የጤና ጣቢያው መስኮት መጋረጃ ሆኗል፤ ልኩ ትንሽ ቢያጥርም።

ነፋስ አለን። ከከተማው በላይ ባለው ሸንተረር ላይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ አርባ አንድ የነፋስ ማማዎች ቆመዋል። ቀኑን ሙሉ ይሽከረከራሉ፤ ጥላቸው በየጓሯችን ያልፋል፤ ዶሮዎቻችን እስኪለምዱት ድረስ ብዙ ጊዜ ጭልፊት መስሏቸው ተደብቀዋል። ከማማዎቹ የሚወጣው ሽቦ በጣሪያችን ላይ አልፎ ሜዳው ላይ ወዳለችው ታላቅ ከተማ ይወርዳል። እኛ ዘንድ አይቆምም። ይህም በሕግ ነው። መስመር የሚዘረጋው ለማጽዳት ስለሆነ ከዝርዝሩ ግርጌ ተጀምሮ ነው የሚታደለው። ታላቋ ከተማ ከግርጌ ሁለተኛ ስለነበረች ሦስት መስመር ደረሳት። አንዱ ቤቶቿን ያበራል፣ ሌላው ፋብሪካዎቿን ያንቀሳቅሳል። ለሦስተኛው ሥራ ስላልተገኘለት የመንገድ ዳር ወንበሮችን ያሞቁበታል።

ወንበሮቹን አውቃቸዋለሁ፤ ይመቻሉ። ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ የተማርኩት እዚያ ነው። ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነውም ከእነዚህ ወንበሮች በአንዱ ላይ ነው። እሱ ጤና መኮንን ሆኖ ወደዚህ ሲመደብ አብሬው መጣሁ። ስለ እሱ የምጽፈው ማሽኑን የሚመለከተውን ያህል ብቻ ነው።

ማሽኑ የትንፋሽ ማሽን ነው። ከአየር ውስጥ ኦክስጅን እየለየ በቀጭን ቱቦ ለታማሚ ይሰጣል። ታላቋ ከተማ አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ላከችልን። ከሰሌዳ፣ ከንግግርና ከፎቶግራፍ አንሺ ጋር መጣ። ንግግሩ ካበቃ በኋላ ባለቤቴ ገመዱን ይዞ በክፍሉ ውስጥ አንድ ጊዜ ዞረ። ከዚያ ገመዱን ጠቅልሎ አስቀመጠው። እኔ አቧራ እንዳይጠጣ ብዬ ነጭ ልብስ ሰፋሁለት፤ ዳሩን በሰማያዊ ክር ጠለፍኩት።

ባለቤቴ አንድ መስመር ለጤና ጣቢያው እንዲሳብ ጻፈ። «ከተማችሁ ንጹሕ ስለሆነች የሚጸዳ ነገር አልተገኘም» የሚል መልስ መጣ። መስመር ለማግኘት ምን ማሟላት እንዳለብን በሌላ ደብዳቤ ጠየቀ። መጀመሪያ ቆሻሻ ከተማ መሆን ይጠበቅብናል ተባለ። ለዚህም የማጨስ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ደግሞ የሚሰጠው ቢያንስ ለሃምሳ ዓመት ሲያጨሱ ለኖሩ ከተሞች ብቻ ነው። ባለቤቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ሳቀ። የሳቀው ከልቡ ነበር። ቀልድ ይወድ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት የሳንባ ምች ያዘው። ማሽኑ ከአልጋው አንድ ክንድ ተኩል ይርቅ ነበር። ለክቼዋለሁ።

ከቀብሩ በሳምንቱ የጢስ ቀን ደረሰ፤ እኔም ቅጹን ሞላሁ። እያንዳንዱ ከተማ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ አንድ መላሽ አለው፤ የእኛ ከተማ መላሽ እኔ ነኝ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት «በከተማው ውስጥ ከመስመር ኃይል የሚያገኙ መሣሪያዎች ብዛት» ይላል። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ዓመትም አንደኛ ወጣን።

የጢስ ቀን እንዲህ ነው። ረፋድ ላይ ደወል ሲደወል ሁሉም ቤት እሳት ያነዳል። ጢስ መዛኙ ማማዎቹ ሥር ቆሞ በመሣሪያው ጢሱን ይለካል። ነጭ የእንጨት ነው፤ ግራጫ የኩበት። ጥቁር ጢስ ታይቶ አያውቅም። ሴቶች ለዚህ ቀን ጢሱ እንዲነጣ ብለው እንጨቱን አስቀድመው ያደርቃሉ፤ የዘንድሮው ከአምናው ይነጣል አይነጣም ብለው ይከራከራሉ። በሚለካበት ሰዓት ደግሞ ወደ ሸንተረሩ መመልከት ነውር ነው። ጀርባችንን ሰጥተን እሳታችንን እናያለን። ይህን ማንም አላዘዘንም። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ፣ የሰው ዓይን የበዛበት መለኪያ ይሳሳታል ብለው ነበር አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። በታዛዥነታችንም ተጨማሪ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶናል።

ዘንድሮ ደጊቱ ባትታመም ኖሮ ይኸው ይቀጥል ነበር።

ደጊቱ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ቆሎ ቆልታ ትሸጣለች። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ እሳት ላይ ተጎንብሳ ነው ያደገችው፤ አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ደረቷ በትንሽ በትንሹ ሲዘጋ ቆይቶ ዘንድሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀመረች። ከባለቤቴ በኋላ ጤና ጣቢያውን የያዘችው ሲስተር አስካለ ቀኝ እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ።

«የሺመቤት፣ በቀን ሁለት ሰዓት ማሽኑን ካገኘች ትቆያለች» አለችኝ። «ካላገኘች ክረምቱን አታየውም። ለአንቺ መደበቅ አልችልም።»

«ለእሷ ነግረሻታል?»

«እሷ ናት ለእኔ የነገረችኝ።»

ገብቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ደጊቱ ማሽኑን በአገጯ አመለከተችኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ባለ ጥልፉ ሙሽራ... መቼ ነው የሚነሳው?»

«ሶኬት ሲያገኝ።»

«ታዲያ ከእኔ ይሻላል... እሱ ቢያንስ የጎደለው ታውቋል።»

ቤቴ ሄጄ የጢስ ቀንን መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበብኩት። አሥራ አንድ ዓመት ስፈርምበት አንድም ቀን ሙሉውን አንብቤው አላውቅም ነበር። ሂሳብ የተማረ ሰው አንድ ቀመር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው የት ላይ እንደሚሰበር ነው። የእኛ ውጤት ንጹሑ እሳት ለጠቅላላው እሳት ሲካፈል ነው፤ ከመስመር ኃይል የሚያገኝ መሣሪያም እንደ አንድ እሳት ይቆጠራል። ጠቅላላው እሳት ዜሮ ከሆነ ማካፈል አይቻልም። መመሪያው ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይልም። «ጢስ መዛኙ ቅጹ ሳይሞላ ከተማውን ለቆ መሄድ አይችልም» የሚል ግን አገኘሁ።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰብን። የባንዲራ ጠባቂያችን አቶ ገሠሠ ሰብሳቢ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ባንዲራዎቹን በየሳምንቱ በገዛ እጃቸው ያጥባሉ። እኔ ቆሜ በጢስ ቀን ማንም እሳት እንዳያነድ ሐሳብ አቀረብኩ።

አቶ ገሠሠ መነጽራቸውን አወለቁ። «አሥራ ሁለተኛው ባንዲራ ከብረት ሰንደቅ ጋር ነው የሚመጣው» አሉ። «ቃል ገብተውልናል። ብረት ነው የምልሽ።»

«ሰምቻለሁ፣ አቶ ገሠሠ።»

«እሳት ካላነደድን አንደኛነታችን ምን ይሆናል?»

«ምንም አይሆንም። ምንም የሚባል ቁጥር ነው የምንሰጣቸው። ጢስ መዛኙ በዚያ ቁጥር መሄድ አይችልም። እዚህ ይቆያል። ሲቆይ እናነጋግረዋለን።»

አንዲት ሴት ከኋላ «ምን ልንበላ ነው?» አለች።

«በሶ» አለች ሌላዋ። «በሶ እሳት አይጠይቅም።»

«የኔን ባል አታውቂውም መሰለኝ። በሶ ካየ እናቱ ቤት ነው የሚሄደው።»

«ይሂዳ። እዚያም በሶ ነው የሚጠብቀው።»

ሰው ሳቀ። አቶ ገሠሠ ብቻ አልሳቁም። ደጊቱ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ እጇን አነሳች፤ አዳራሹ ትንፋሿን ጠበቀላት።

«ጋሼ ገሠሠ» አለች። «ያንን የብረት ሰንደቅ... ሲተክሉት... ጉድጓዱን ሰፋ ያድርጉት። ሁለት ጊዜ... ከምትቆፍሩ።»

አቶ ገሠሠ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን ለድምፅ አነሱ። ሌላው ሁሉ ተከተለ።

በጢስ ቀን ረፋድ ላይ ጢስ መዛኙ አቶ ፍሬሰንበት ድምፅ በሌላት ትንሽ መኪናቸው ደረሱ። ቀጭን፣ ንጹሕ ልብስ የሚለብሱ፣ ሰላምታ የማያጎድሉ ሰው ናቸው። ወደ ሸንተረሩ ወጡ። ደወሉ ተደወለ። ከአንድም ጣሪያ ጢስ አልወጣም።

የምናየው እሳት ስላልነበረ ዓይናችን ሥራ ፈታ። እንዲሁ ቆመን ነበር። መጀመሪያ ወደ ሸንተረሩ የዞረው ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ ግን ሁላችንም ዞርን። አቶ ፍሬሰንበት አሥራ ሰባተኛው ማማ ሥር ያለውን የብረት በር በቁልፍ ከፈቱ። ከመኪናዋ አንድ ገመድ፣ ከመሣሪያቸውም አንድ ገመድ ሳቡ። ሁለቱንም በሩ ውስጥ ሰኩ። መሣሪያው ላይ ቀይ መብራት በራ። መኪናዋም በራች።

«ሶኬት ነው» አለች ሲስተር አስካለ።

«ሶኬት ምን ይሠራል እዚያ?» አሉ አቶ ገሠሠ።

እኔ ያሰብኩትን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ከአሥራ አንድ የጢስ ቀናት በአንዱ እንኳ አንገቴን ትንሽ ዘወር አድርጌ ብሆን ኖሮ፣ የሚለው ሐሳብ ብዙ ርቀት ይወስዳል፤ በዚያ ሰዓት ለመሄድ ጊዜ አልነበረኝም።

ጤና ጣቢያ ገብተን ማሽኑን በቃሬዛ አወጣነው። አራት ሰዎች ተሸከሙት፤ እንዳይንገጫገጭ ቀስ ብለው ሄዱ። ደጊቱ በእግሯ ተከተለች። ለሁለቱም የሚሆን ቃሬዛ አልነበረንም፤ ስትጠየቅም ማሽኑ ይቅደም ያለችው ራሷ ናት። በየሃያ እርምጃው ታርፍ ነበር። ባረፈች ቁጥር ቃሬዛውም፣ ከኋላዋ የነበረው ሰው ሁሉም አብሮ ይቆማል። ዳገቱን ለመውጣት አንድ ሰዓት ፈጀብን። ከላይ ላለ ሰው ቀብር ሳንመስል አልቀረንም።

አቶ ፍሬሰንበት ሲያዩን ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ነፍስ ይማር። የሞተ ሰው አለ? እሳት ያላነደዳችሁት ለሐዘን ነው?»

«የለም፣ ጌታዬ» አልኩ። «እስካሁን የለም።»

«እንግዲያው እባካችሁ አንድ ጢስ። አንድ ብቻ። ግራጫም ይሁን እቀበላለሁ። ክብሪት ከሌላችሁ እኔ ጋ አለ።» ክብሪቱን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩን። «ወይዘሮ የሺመቤት፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ዜሮን ለዜሮ እንዴት አድርጌ ላካፍለው?»

«አይካፈልም።»

«ሳይካፈል ደግሞ መሄድ አልችልም። ልጄ ነገ ልደቷ ነው።»

«መሣሪያዎን ይንቀሉልንና የእኛን እንሰካ።»

ቃሬዛው ላይ ያለውን አዩ። የጠለፍኩትን ልብስ አዩ። ወደ በሩ ተጠግተው በጀርባቸው ጋረዱት።

«ይሄ ሶኬት የመለኪያ ነው» አሉ። «ለመለኪያ ብቻ ነው የተፈቀደው። በደንቡ ላይ ተጽፏል።»

ደጊቱ እዚያው የበሩ ደረጃ ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ታዲያ... ይለኩኝ» አለች።

«ምን ብዬ፣ እህቴ?»

«ስንት... እንደቀረኝ።»

ማማው ከላያችን ይዞራል። የክንፉ ጥላ በሰዉ ፊት ላይ እየመጣ ይሄዳል። አቶ ፍሬሰንበት መጥፎ ሰው አይደሉም፤ ይህን በጽሑፍ መመስከር እችላለሁ። ደጊቱን ትኩር ብለው አይተው ቅጻቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ ሲስተር አስካለ የያዘችውን የቅጽ ቅጂ ተቀብዬ ተራ ቁጥር አሥራ አራትን አሳየኋቸው።

«እዚህ ላይ አንድ ብዬ ልጽፍልዎ እችላለሁ» አልኩ። «አንድ መሣሪያ። ዜሮ አይደለም። አንድ ይካፈላል።»

ሰውዬው ለጥቂት ጊዜ በከንፈራቸው አሰሉ። ከዚያ መሣሪያቸውን ነቀሉ።

ልብሱን ከማሽኑ ላይ ገፈፍኩ። ገመዱ ባለቤቴ እንደጠቀለለው ነበር፤ ሦስት ዙር፣ ጫፉ ወደ ውስጥ። ፈታሁት። ሰካሁት። ለመግጠም ምንም አላስቸገረም። ማሽኑ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፤ እንደ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያ ሥራውን ጀመረ። ሲስተር አስካለ ቱቦውን ደጊቱ አፍንጫ ላይ አደረገችላት። ሰዉ ሁሉ የሴትዮዋን ደረት ያይ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የከንፈሯ ቀለም ተመለሰ። ቀና ብላ ዙሪያዋን አየችና ከሰባት ወር ወዲህ የመጀመሪያዋን ያልተቆራረጠ ዓረፍተ ነገር ተናገረች።

«ምን ቆማችሁ ታፈጡብኛላችሁ፣ ቆሎ ልትገዙ ነው?»

አቶ ፍሬሰንበት እስክሪብቷቸውን አውጥተው በቅጹ ጠርዝ ላይ ሲያሰሉ ቆዩ። ፊታቸው በራ።

«ወይዘሮ የሺመቤት፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አሉኝ። «ነፋስ እኮ ንጹሕ ነው። ከአንድ አንድ። ከመቶ መቶ። አሁንም አንደኛ ናችሁ። እንዲያውም ማሽኑ በመጣ ዕለት ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ እንኳ ከአንደኛነታችሁ የሚቀንስ ነገር አልነበረም።»

ይህን ያሉት በደግነት ነው። ሊያስደስቱኝ ፈልገው ነበር።

ልብሱን በአራት አጠፍኩ። ከዚያ በአምስት የማጠፍ ዘዴ እንዳለው ሰው እንደገና ዘርግቼ አጠፍኩት። ሲስተር አስካለ ትከሻዬ አጠገብ መጥታ ቆመች፤ አልነካችኝም። ስላልነካችኝ አመሰግናታለሁ።

ሁለት ሰዓቱ ሲያበቃ አቶ ፍሬሰንበት ዕቃቸውን ሰብስበው ነበር። በሩን ሊዘጉ እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉ በሩ ላይ ነበር። ቀድሜ አወጣሁትና በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

«ቁልፉ የመሥሪያ ቤቱ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ያለ ቁልፉ ብመለስ ይጠይቁኛል።»

«ይንገሯቸው። ስሜን አይደብቁላቸው፤ ሙሉ ስሜ ቅጹ ላይ አለ። የእጅ ጽሑፌ ይነበባል።»

አቶ ፍሬሰንበት አቶ ገሠሠን አዩ፤ ከሁላችን ይልቅ ሕግ አክባሪው እሳቸው መሆናቸውን ያውቃሉ። አቶ ገሠሠ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የብረት ሰንደቁን አትላኩ» አሉ። «በምትኩ ሽቦ ላኩልን። ከዚህ እስከ ጤና ጣቢያው።»

«ስንት ሜትር?»

«መላሿ ትለካዋለች።»

ለካሁት። ከአሥራ ሰባተኛው ማማ እስከ አልጋው እግር አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። እርምጃዬ ትልቅ አይደለም።

ሽቦው እስካሁን አልመጣም። ባንዲራው ግን በሁለተኛው ወር ደረሰ። እኛም ሽቦውን እየጠበቅን አልተቀመጥንም፤ አልጋውን ወደ ማማው ሥር ወሰድነው። አቶ ገሠሠ የብረት ሰንደቅ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ያሰቡበትን አካፋ ይዘው መሠረት ጣሉ፤ ድንጋዩን ሁሉም ተሸከመ፤ አሥራ ሁለተኛው ባንዲራ የበር መጋረጃ ሆነ። አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ ጤና ጣቢያ በማማ ሥር መሥራት ክልክል እንደሆነ ነገረን። ጤና ጣቢያ እንዳልሆነ ነገርነው። መለኪያ ቤት ነው፤ ሰው ይለካበታል። ሶኬቱ የተፈቀደው ለመለኪያ እንደሆነ ከራሳቸው ደንብ አነበብኩለት። ቅጂ ጠየቀኝ፤ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገልብጬ ሰጠሁት።

ደጊቱ ክረምቱን አይታዋለች። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓቷን ትጨርስና ለተራ ጠባቂዎች ቦታ ትለቃለች፤ አሁን ተራ የሚጠብቁት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱ ሕፃናት። ቆሎውን መቁላት ትታ እኅቷ የምትቆላውን ብቻ ትሸጣለች። ከእኔ ግን ዋጋ አትቀበልም፤ ብከፍላት ቆሎውን መልሳ ታፍሰዋለች።

ማሽኑ ልብስ አያስፈልገውም፤ አቧራ የሚጠጣበት ጊዜ የለውም። ልብሱን ቤቴ ወስጄ ሳጥን ውስጥ፣ ለሰው ካልሰጠኋቸው ሌሎች ልብሶች ጋር አኑሬዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቱ ሦስተኛው ደብዳቤ መጣ። የአሥራ ሰባተኛው ማማ ቁልፍ በአሥር ቀን ውስጥ ካልተመለሰ ከተማችን ከዝርዝሩ እንደምትሰረዝ ይገልጻል። ለመልስ የሚሆን አንድ መስመር ክፍት ትተዋል፤ ከዚያ በላይ መጻፍ አይፈቀድም። አንዱ መስመር በቂዬ ነው።

«ቁልፉ ሥራ ላይ ነው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።